ለመኪና መብራት ምትክ አምፖል መምረጥ

የመኪና የፊት መብራት ብርሃኑን ከአምፖሉ፣ የብርሃኑን አቅጣጫና ቅርጽ ደግሞ ከአንጸባራቂው ሳህን ያገኛል። ሳህኑ ሲሠራ የአምፖሉ ክር የሚቆምበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል። ክሩ ከዚያ በጥቂቱ እንኳ ፈቀቅ ካለ መንገዱ ላይ ማረፍ የነበረበት ብርሃን ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ምትክ አምፖል ሲገዛ ከድምቀቱ በፊት ለዚያ መብራት የተሠራ መሆኑ መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

የአምፖሉ ዓይነት በአሮጌው አምፖል እግር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኤች4 ሦስት እግርና ሁለት ክር ስላለው አጭሩንም ረጅሙንም መብራት ብቻውን ያበራል፤ በኢትዮጵያ በብዛት በሚታዩ ብዙ የቪትዝና የሃይሉክስ ሞዴሎች ላይ ያለው ይኸው ነው። ኤች7 ግን ባለ አንድ ክር በመሆኑ ለአጭርና ለረጅም ለየብቻው ይገጠማል። ከዚህ ቀጥሎ ቮልቱ ይታያል። የቤት መኪናው ኤች4 12 ቮልትና 60/55 ዋት ሲሆን፣ እንደ አይሱዙ ላሉ የጭነት መኪኖች የሚሆነው 24 ቮልትና 75/70 ዋት ነው። እግራቸው አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ ያለችግር ይገባል። ባለ 12ቱ በ24 ቮልት ላይ ወዲያው ይቃጠላል፤ ባለ 24ቱ በ12 ቮልት ላይ ፈዝዞ ይቀራል።

«ጠንካራ» እየተባለ የሚሸጠው 100/90 ዋት አምፖል ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በ12 ቮልት ላይ 55 ዋት 4.6 አምፔር ገደማ ሲወስድ፣ 90 ዋት 7.5 አምፔር ይወስዳል። ለመጀመሪያው ልክ የተዘረጋው ሽቦ ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ የሳህኑ ብርማ ቅብም ይጠቁራል። ኤልኢዲ እንዲህ ያለ ሙቀት ባይኖረውም ብርሃኑ እንደ ቀጭን ክር ስለማይወጣ፣ ለሃሎጅን በተሠራ ሳህን ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ይበተናል። ገና ሲሠራ ለኤልኢዲ የታቀደ መብራት ግን ይህ ችግር የለበትም።

የጉም መብራት ሌላ ሥራ አለው። ጉም ከዳሞታ ተራራ ወደ ሶዶ ሲወርድ፣ ወደ ዲምቱ የሚነዳ ሾፌር ረጅሙን መብራት ቢያበራ ብርሃኑ ከውሃ ጠብታዎቹ ተመልሶ እንደ ነጭ መጋረጃ ፊቱ ላይ ይዘረጋል። ጉም መብራቱ ፓራውልት ላይ ዝቅ ብሎ የሚገጠመው፣ ብርሃኑም ወደ ጎን ሰፍቶ ከላይ የተቆረጠው ይህን ለማስቀረት ነው። ሩቅ እንዲያሳይ አልተሠራም፤ የአስፋልቱን ዳር ካሳየ በቂው ነው። ቢጫ አምፖል ጉም ይሰነጥቃል የሚባለው የተጋነነ ነው፤ የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚበልጥ ሁሉንም ቀለም በተቀራራቢ መጠን ይበትናል። የቢጫ ጥቅም ሰማያዊውን ስለሚያስቀር ለዓይን መለስለሱ ነው። ፈረንሳይ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን ታስገድድ ነበር።

ለጉም መብራት ኤች3፣ ኤች8፣ ኤች11 እና ኤችቢ4 የተለመዱ ናቸው። ኤች8 35 ዋት፣ ኤች11 55 ዋት ሲሆኑ በመልክ ስለሚመሳሰሉ የሶኬታቸው ጥርስ ሆን ተብሎ ተለያይቷል። ጥርሱን በቢላ ገዝግዞ ኤች11ን በኤች8 ቦታ መክተት ጠባቡን ፕላስቲክ መብራት ለማቅለጥ ይበቃል።

የሃሎጅን አምፖል ብርጭቆ በባዶ ጣት አይነካም። የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ ከሌላው በላይ ስለሚግል ብርጭቆው ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል፤ በስህተት ከተነካ በአልኮል ይጠረጋል። አንዱ ከተቃጠለ ሁለቱንም አብሮ መቀየር ይመረጣል፣ ያልተቃጠለውም ያረጀና የፈዘዘ ነውና። አዲሱ አምፖል ገብቶም መብራቱ ከደከመ፣ መስተዋት መሳዩ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ ወይም የሽቦው ማሰሪያ ዝጎ እንደሆነ ይታያል። በመጨረሻ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቆምና የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከአምፖሉ ከፍታ 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ እንዲል በማስተካከያው ብሎን ይስተካከላል።