የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለሕፃናት በየደረጃው ስለ ማስተማር

ሰዋስው ማለት በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላል የሚወጣ ሰው በታችኛው እርከን እግሩን ሳያጸና የላይኛውን አይረግጥም። በአብነት ትምህርትም ተማሪ ፊደልን ሳይለይ ወደ ንባብ፣ ንባብን ሳያቀና ወደ ቅኔ ቤት አይሻገርም። እንግሊዝኛም እንዲሁ በተራ ሊሰጥ ይገባዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያው ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛው ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲጠና ወሰነ። ስለዚህ በሮቤ፣ በጎባና በባሌ ደጋ መንደሮች በኦሮምኛ ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ያን ጊዜ ዓረፍተ ነገር ማዋቀር ያላወቀ ልጅ አእምሮ ሳያንሰው በቋንቋ ምክንያት ወደ ኋላ ይቀራል።

በ1ኛና በ2ኛ ክፍል የቃላት ተራ ይቅደም። ኦሮምኛም አማርኛም ግሥን በመጨረሻ ያኖራሉ፤ «ቶላ ወተት ይጠጣል» እንዲል። እንግሊዝኛ ግን «ቶላ ድሪንክስ ሚልክ» ብሎ ግሡን በመካከል ያገባል። መምህሩ ሦስቱን ቃላት ለሦስት ልጆች አስይዞ ቦታ ቢያለዋውጣቸው ሕጉ በዓይን ይታያል። ከዚሁ ጋራ በመጀመሪያ ትልቅ ፊደል፣ በመጨረሻ አንድ ነጥብ መጻፍን ይልመዱ። በ1984 ዓ.ም. በተወሰነው በቁቤ የተማረ ልጅ ይህን ያውቀዋል፤ በግዕዝ ፊደል ለተማረውና አራት ነጥብ ለለመደው ግን አዲስ ነው።

በ3ኛና በ4ኛ ክፍል የግሥ እርባታ ይከተል፤ «አይ ድሪንክ»፣ «ሂ ድሪንክስ»፣ ለትናንትም «ድራንክ»። ልጁ «እጠጣለሁ፣ ይጠጣል፣ ጠጣ» ማለትን ስለሚያውቅ ነገሩ አይከብደውም። የጥያቄ ምልክትና ስንዴን፣ ገብስን፣ ባቄላን ሲዘረዝሩ የሚለየው ነጠላ ሰረዝም በዚሁ ጊዜ ይሰጥ።

በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ከፊደል በላይ የምትንጠለጠለው ጭረት ትጠና። በቁቤ ይህች ምልክት ሁዳ ትባላለች፤ ፍየል ማለት በሆነው «ሬኤ» እንደሚታየው ድምፅን በጉሮሮ ትቈርጣለች። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤትን ታመለክታለች። «ካውስ» የሚለው ቃል ያለ ጭረት «ላሞች»፣ ከመጨረሻው «ስ» በፊት ጭረት ሲገባበት «የላም» ይሆናል፤ ለጆሮ አንድ ነው፣ ለዓይን ግን ሁለት ነው። መምህሩ ልዩነቱን አስቀድሞ ካልነገረ ልጁ የቁቤውን ሥራ ይዞ ይሳሳታል።

በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ሁለት ዓረፍተ ነገርን በምክንያት ማያያዝ ይቀጥል። አማርኛ «ዝናብ ስለ ዘነበ» ብሎ ምክንያቱን ያስቀድማል፤ እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ድርጊቱን አስቀድሞ «ቢኮዝ» በማለት ምክንያቱን ያስከትላል።

መምህር ደብተር ሲያርም ያስተማረውን ሕግ ብቻ ይመልከት፤ ገጹን ሁሉ በቀይ ቀለም ቢሞላው ልጁ ተስፋ ይቈርጣልና። አባቶችና እናቶችም እንግሊዝኛ ባያውቁ፣ ማታ ልጁን አንድ ዓረፍተ ነገር አስነብበው ትርጓሜውን በቤት ቋንቋ ይጠይቁት። መተርጐም ከቻለ ገብቶታል፤ ካልቻለ በቃሉ ይዞታል እንጂ አላወቀውም።