በትዊች መድረክ ላይ ሴት ተጫዋቾች ስለሚደርስባቸው በደል

እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው ትዊች የቪዲዮ ጨዋታ በኢንተርኔት በቀጥታ የሚታይበት መድረክ ነው። ተመልካቾች በጎን ባለው ሰሌዳ ላይ የመሰላቸውን ይጽፋሉ፤ የተጫዋቹም ገቢ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚሁ ተመልካቾች ይገኛል። እንግዲህ ወንዱ ስለ አጨዋወቱ ሲተች ሴቲቱ በመልኳ ብትሰደብ፥ ሰሌዳውን መዝጋት እንጀራዋን መዝጋት ይሆንባታል። የነገሩ ክፋት ከዚህ ላይ ይመስለናል።

በኦገስት 2021 ጥቂት ሰዎች በኮምፒዩተር ሐሰተኛ ስሞችን እየፈጠሩ በአንድ ጊዜ ስድብ የሚያዘንቡበት ዘዴ ተስፋፋ፤ ከተጠቁትም መካከል ጥቁር ሴቶች ብዙ ነበሩ። (ደፋሪው ስሙን መደበቁ ያስገርማል!) በሴፕቴምበር 1 ቀን ብዙ ተጫዋቾች ሥራ አቁመው ዋሉ። ድርጅቱም በዚያው ወር ስልኩን ያላረጋገጠ ተመልካች እንዳይጽፍ ማገጃ አበጀ፤ ማገጃውን መክፈትና መቈጣጠር ግን የተበዳይዋ ሥራ ሆነ።