ሕግን ከንግድ ትምህርት ጋራ ማጣመር፤ የትኛውን ክፍል እንምረጥ?



የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ መጨረሻው ሲቃረብ እያንዳንዱ ተማሪ «ወደ ፊት ምን ልማር?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ሕግ ለመማር የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ጥቂቶቻችን ደግሞ ከሕጉ ጋራ የንግድን ትምህርት ጨምረን ለመማር እንመኛለን። ይሁን እንጂ የንግድ ትምህርት በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ ብዙ ክፍሎች አሉት፤ የሒሳብ አያያዝ፣ ፋይናንስ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንትና ማርኬቲንግ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ታዲያ ሕግ ለሚማር ሰው ከነዚህ ይበልጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው? በዚህ ጽሑፍ ይኸንኑ ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንዳንድ ወላጆች ይኸን አሳብ ሲሰሙ «እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ሕግንና ሕክምናን ባንድ ጊዜ ልማር ለሚል ሰው በእርግጥ ሊነገረው ይገባል። ሕግና ንግድ ግን በብዙ ነገር ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ሲሠሩ፣ ሲበዳደሩ፣ ሲሸጡና ሲገዙ፣ ሲከስሩም የሆነውን ነገር የንግድ ትምህርት በቊጥር ይጽፈዋል፤ ሕግ ደግሞ መብትና ግዴታ እያለ ይለየዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የንግድ ሕጋችን ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ማዘዙ ለዚህ ምስክር ነው። ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበሮችና ስለ መክሰር የሚናገረው የዚህ ሕግ ክፍል በአዋጅ ቊጥር 1243/2013 ተተክቷል።

ነገር ግን በአገራችን ሁለቱ ትምህርቶች ያደጉት በየራሳቸው ቤት ነው። የአዲስ አበባ ንግድ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ፋኩልቲ ግን በ1956 ዓ.ም. ተከፈተ። ዛሬም የሕግ ትምህርት ብቻውን አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ንግድን መጨመር የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ በማታ ወይም በሰንበት ይማራል። በአውስትራሊያ ግን ሁለቱን አጣምሮ ማስተማር የተለመደ ነው። በሲድኒ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በሞናሽ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የንግድና የሕግ ዲግሪ በአምስት ዓመት ሊያገኝ ይችላል። ንግድ ለብቻው ሦስት ዓመት፣ ሕግ ለብቻው አራት ዓመት ስለሚፈጅ ተማሪው ሁለት ዓመት ይተርፈዋል ማለት ነው። በሜልቦርን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይኸንኑ ትምህርት ሲጀምር «ከንግድ ክፍሎች የትኛውን ልምረጥ?» ብሎ ለቤተ ሰቡ ጽፎ ነበር። ለእርሱ መልስ ስንፈልግ ጥያቄው የእኔም መሆኑ ገባኝ።

እንግዲህ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

ኢኮኖሚክስ ዋጋ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ አንድ ሻጭ ገበያውን ብቻውን ሲይዝ በሕዝብ ላይ ምን እንደሚደርስ፣ ግብር በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ያስተምራል። ስለዚህ በንግድ ውድድር ሕግ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕግ በማርቀቅ መሥራት ለሚፈልግ እጅግ ይረዳል።

ፋይናንስ የገንዘብን ዋጋ በጊዜ ይለካል፤ የአክሲዮንን፣ የቦንድንና የብድርን ጠባይ ያሳውቃል። አዋጅ ቊጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያን ከፈቀደ በኋላ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ሥራውን ስለ ጀመረ፣ ይኸን የሚያውቁ የሕግ ሰዎች ያስፈልጉናል። ሆኖም የአንድ ማኅበር አክሲዮን ምን ያህል እንደሚያወጣ ለመገመት መጀመሪያ የማኅበሩን የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ግድ ነው። ስለዚህ ፋይናንስ ራሱ በሒሳብ አያያዝ ላይ የቆመ ነው።

ማኔጅመንትና ማርኬቲንግ ሰውን ማስተዳደርንና ገበያ ማግኘትን ያስተምራሉ። የራሱን ድርጅት ለመምራት ላሰበ ሰው ጠቃሚዎች ናቸው። ነገር ግን ከሌሎቹ ይልቅ በሥራ ላይ ሊለመዱ ስለሚችሉ፣ ለሕግ ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለባቸው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሒሳብ አያያዝ እንምጣ። ይህ ጥበብ የቈየ ነው፤ ኢጣሊያዊው መነኵሴ ሉካ ፓቾሊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴዎቹን የጥንድ ምዝገባ ሥርዐት ገልጾታል። ብዙዎች መደመርና መቀነስ ብቻ ይመስላቸዋል። የሚከተለው ምሳሌ ግን ከዚያ የበለጠ መሆኑን ያሳያል።

ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100,000 ብር አዋጥተው ሱቅ ከፈቱ እንበል። በዓመቱ መጨረሻ በሣጥን 90,000 ብር፣ 150,000 ብር የሚያወጣ ዕቃና ከደንበኞች የሚሰበሰብ 60,000 ብር ዱቤ ተገኘ። ድምሩ 300,000 ብር ነው። አንደኛው ሸሪክ «200,000 አዋጥተን 300,000 ሆነ፤ ትርፉ 100,000 ነውና ድርሻዬን ስጠኝ» ይላል። ሁለተኛው ግን ላከፋፋዩ ያልተከፈለ የ160,000 ብር ዕዳ መኖሩን ያሳያል። ከ300,000 ላይ 160,000 ሲቀነስ የሚቀረው 140,000 ብር ነው፤ ስለዚህ ማንም ከሱቁ ገንዘብ ባይወስድም እንኳ ሱቁ 60,000 ብር ከስሯል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ዱቤ ከወሰዱት ደንበኞች 40,000 ብር ያለበት ሰው አገር ጥሎ ጠፍቶ ቢሆንስ? ኪሳራው 100,000 ብር ይደርሳል። ሦስቱም ቊጥሮች ከአንድ ደብተር የወጡ ናቸው። የሕግ መጽሐፍ ትርፍና ኪሳራ በሸሪኮች መካከል እንዴት እንደሚከፈል ይነግረናል፤ መጀመሪያ ትርፉ ስንት እንደ ሆነ ማወቅ ግን የሒሳብ ሥራ ነው።

ይህ በትልልቅ ኩባንያዎችም ይደርሳል። በአውስትራሊያ የገበያ አዳራሾች ባለቤት የነበረው ሴንትሮ የተባለው ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ባወጣው የሒሳብ መግለጫ 1.5 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈል ዕዳ የረጅም ጊዜ ዕዳ ተብሎ ተጻፈ። የቦርዱ አባላት መግለጫውን አጸደቁት፤ ኦዲተሮቹም ስሕተቱን አላዩትም። የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2011 በሰጠው ፍርድ፣ የቦርድ አባል በባለሙያ አምኖ ዝም ማለት እንደማይበቃው፣ መግለጫውን ራሱ አንብቦ መረዳት እንዳለበት ወሰነ። ለቦርድ አባላት እንዲህ ከተባለ፣ እነርሱን የሚያማክር የሕግ ሰው ምን ያህል ማወቅ ይገባው ይሆን?

እኔም በቤተ ሰባችን የደረሰውን አይቻለሁ። አጎቴ ከአንድ ወዳጃቸው ጋራ በሽርክና ወፍጮ ቤት ከፍተው ለብዙ ዓመት ሠሩ። በመጨረሻ ሲለያዩ በክፍያው አልተስማሙምና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ሒሳቡን አንድ ባለሙያ እንዲመረምረው አዘዘ። ሪፖርቱ ሲመጣ የአጎቴ ጠበቃ «ይኸ የሒሳብ ሰው ሥራ ነው» ብለው አንድም ጥያቄ ሳያቀርቡ ተቀበሉት። ከፍርዱ በኋላ አንድ የሒሳብ መምህር ሲያዩት ለሞተሩ የተከፈለው ገንዘብ ሁለት ጊዜ በወጪ ተቈጥሮ ተገኘ። ይኸን በይግባኝ ለማስተካከል ሌላ ዓመት ፈጀ፤ የሁለቱ ወዳጅነት ግን በይግባኝ አልተመለሰም። ጠበቃው ሕጉን በሚገባ ያውቁ ነበር፤ የጐደላቸው አንዲት ገጽ ቊጥር ማንበብ ነበር።

ከዚህም የተነሣ አሳቤ የሚከተለው ነው፤ ሕግ ለሚማር ሰው፣ ሌላ የተለየ ዓላማ ከሌለው በቀር፣ የሒሳብ አያያዝ ይሻለዋል። ምክንያቱም የግብር፣ የማኅበር፣ የመክሰር፣ የውርስ ክፍያም ጉዳይ በመጨረሻ ወደ ሒሳብ መዝገብ ይመጣል፤ ይኸንንም ያለ መምህርና ያለ ልምምድ በኋላ ለመማር አስቸጋሪ ነው። ደግሞም በአዋጅ ቊጥር 847/2006 የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከታሰበ ወዲህ የሒሳብ መግለጫ አቀራረብ ራሱ በሕግ የሚመራ ሆኗል።

ሆኖም ሁሉም ሰው አንድ መንገድ ይከተል አልልም። የሚመርጥ ተማሪ ራሱን ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። አንደኛ፣ ከሕጉ በየትኛው ዘርፍ መሥራት እፈልጋለሁ? ሁለተኛ፣ ይህ ክፍል የሕግ ትምህርት ቤት የማይሰጠኝን ዕውቀት ይሰጠኛልን? ሦስተኛ፣ ጥብቅና ባይሆንልኝ በዚህ ሙያ ብቻ እንጀራ ልበላ እችላለሁን? ውጤት ስለሚቀልበት ወይም ስሙ ስለሚያምር ብቻ የሚመረጥ ክፍል ግን ሁለተኛውን ዲግሪ ለግድግዳ ጌጥ ያደርገዋል።

ወላጆች የሚፈሩትም ነገር ሊናቅ አይገባም። ሁለት ትምህርት ጊዜ፣ ገንዘብና ጤና ይጠይቃል፤ ሁለቱንም በደካማ ውጤት ከመጨረስ አንዱን አጥብቆ መያዝ ይበልጣል። ስለዚህ በአገራችን የሚማር ሰው በቅድሚያ ሕጉን ይደላድል፤ የመውጫ ፈተናውን ይለፍ፤ ከዚያ በኋላ ንግዱን ይጨምር ብዬ እመክራለሁ። እኔ ራሴ በዚሁ ቅደም ተከተል ሕግን ቀጥሎም የሒሳብ አያያዝን ለመማር ወስኛለሁ።

ለጊዜው ግን ማንኛችንም ያለ ክፍያ ልንሞክረው የምንችለው ነገር አለ። በመጪው ክረምት ከወላጆቻችን ወይም ከጎረቤቶቻችን መካከል ሱቅ ያለውን አንድ ሰው አስፈቅደን የአንድ ወር ገቢና ወጪ፣ ዱቤና ዕዳ በደብተር እንመዝግብ። በወሩ መጨረሻ ትርፉን ስናወጣ ደስ የሚለን ከሆነ መንገዳችንን አገኘን ማለት ነው፤ ከሰለቸንም ገና ሳንመዘገብ ማወቃችን ትልቅ ትርፍ ነው። መምህራኖቻችን ደብተሮቹን ቢያርሙልን፣ ወላጆቻችንም መዝገባቸውን ቢያሳዩን ውለታቸው ከፍ ያለ ይሆናል።