እድራችሁ ተመዝግቧል?

በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለቅሶ የምንጠራራው በስልክ መልእክት ከሆነ ሰንብቷል። እኔ አባል የሆንኩበት እድርም ለሁላችንም ባንድ ጊዜ ነው የሚልከው። በ2023 መገባደጃ ላይ አንድ አባታችን ሲያርፉ ግን የተላከው መልእክት ለብዙዎቻችን ሳይደርስ ቀረ። ቀብሩ ላይ የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አስተላላፊው ድርጅት ሲጠየቅ የሰጠው መልስ «ቁጥራችሁ አልተመዘገበም» የሚል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባንክና በመንግሥት ስም መልእክት እየላኩ ሰው የሚዘርፉ አጭበርባሪዎች በዙ። ስለዚህ የስልክ ኩባንያዎች፣ ከተራ ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር በኮምፒዩተር ለብዙ ሰው የሚልክ ሁሉ ማንነቱን እንዲያስመዘግብ ደነገጉ። ከኦገስት 2023 ማብቂያ ወዲህ ያልተመዘገበው ይታገዳል። ሲንጋፖርም ከጃንዋሪ 31 ቀን 2023 ጀምሮ ያልተመዘገበ የላኪ ስም በ«ማጭበርበሪያ ሳይሆን አይቀርም» ምልክት እንዲተካ አድርጋለች።

ምዝገባው ሕጋዊ ስም፣ የታክስ መለያ ቁጥር፣ አድራሻና የመልእክት ናሙና ይጠይቃል፤ አባላቱ መልእክት ለመቀበል እንዴት እንደፈቀዱም መገለጽ አለበት።

የእኛ ሰው የሚሰናከለው ስሙ ላይ ነው። «እድር»ን በላቲን ፊደል አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ኢ» ይጀምረዋል። ስሙ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር ካልገጠመ ማመልከቻው ሊመለስ ይችላል።

የእድርና የማኅበር ኃላፊዎች ሆይ! ያንን ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጡና ስሙን ፊደል በፊደል ገልብጡት። ሐዘንተኛው ዓይኑ በር በሩን ሲያይ «መልእክቱ ታግዶ ነው» ቢሉት አይጽናናም።