የብስባሹ ሣር ከየት ይመጣል?

ስለ ኦርጋኒክ እርሻ ሲነሳ ብዙዎቻችሁ ቶሎ የምትጠይቁት ምርቱን ነው። እኔን ግን ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ይስበኛል፦ ብስባሹ ከምን ይሠራል? በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ጭዱን ከብት ይበላዋል፣ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ታዲያ ለማሳው ምን ተረፈ?

መልሱን ፍለጋ ትግራይ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዎቹ ሱ ኤድዋርድስና ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆነው በአራት አካባቢዎች የብስባሽ ሥራ አስጀመሩ። የብስባሽ አሠራሩ ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አረሙና ሣሩ ሳይደርቅ ከፍግና ከአመድ ጋር እየተነባበረ ይከመራል፣ እርጥበቱ ይጠበቃል፣ ከወራት በኋላ ለዘር ይደርሳል። ከባዱ ሣሩን ማግኘት ነው።

እዚህ ላይ ነው የመንደሩ ሕግ የሚገባው! አንድ ገበሬ ብቻውን በሬውን ቢያስር ምን ይፈይዳል? የጎረቤቱ ፍየል ያበቀለውን ሁሉ ትግጠዋለች። ሁሉም ተስማምቶ ልቅ ግጦሽ ሲቆም ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተራራው ሣር ያበቅላል፣ በቦረቦሩ ሰስባኒያ የተባለው የመኖ ዛፍ ይተከላል፣ መኖው እየታጨደ ቤት ላለው ከብት ይቀርባል። ከብቱ ቤት ከዋለ ደግሞ ፍጉ ሜዳ ላይ አይበተንም፤ አንድ ቦታ ይጠራቀማል። ደንቡን ያወጣውም ሆነ የሚያስከብረው ነዋሪው ራሱ መሆኑ፣ በእኔ እምነት፣ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

ምርቱስ? እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 ከገበሬዎች ማሳ በተሰበሰበው መረጃ፣ ብስባሽ የገባበት መሬት ምንም ካልገባበት እጥፍ ገደማ ሰጥቷል፤ በብዙ ሰብል ዳፕና ዩሪያ የተባሉት ማዳበሪያዎች ከተጨመሩበትም አላነሰም። በዱቤ ማዳበሪያ የወሰደ ሰው ዝናብ ቢቀርበት እዳው አይቀርለትም፤ ብስባሽ ግን ዱቤ አይጠይቅም፣ አፈሩም እርጥበት እንዲይዝ ያግዛል።

ብስባሽ መሥራት ጉልበት እንደሚፈጅ አልክድም። ማገላበጡ፣ ውሃ ማመላለሱ፣ ተሸክሞ ማሳ ማድረሱ በተለይ ሰው ባነሰበት ቤት ከባድ ነው። ደግነቱ ብስባሽ ያገኘ ማሳ በቀጣዩ ዓመትም ለምነቱን አይጨርስም። ስለዚህ ገበሬው ዘንድሮ የቅርቡን፣ ለከርሞ የራቀውን እያለ ማሳዎቹን በተራ ማዳረስ ይችላል።