ጥሬ ሲበተን

በኢትዮጵያ ገጠር ዶሮ በአብዛኛው የምትኖረው ራስዋ ጭራ በምታገኘው ነው፤ ጠዋትና ማታ የሚበተንላት ጥሬ መደጎሚያ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዶሮዎቹ ሁሉ በአንድነት የሚታዩት ጥሬ ሲበተን ስለ ሆነ፣ ጤንነታቸውን ለመመልከት ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ሌሎቹ ሲሻሙ አንዲቱ ክንፍዋን ጥላ ከጥግ ብትቆም፣ ኩስዋም አረንጓዴ ቢሆን፣ ፈንግል መጠርጠር አለበት። ይህን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ማጉረስ የተለመደ ቢሆንም አያድንም፤ በቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባትም የሚጠቅመው ዶሮዋ ሳትታመም አስቀድሞ ሲሰጥ ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ባለቤቱ «ሳትሞት ልሽጣት» ብሎ ወደ ገበያ መሮጡ ነው፤ ገዢው ሳያውቅ በሽታውን ወደ መንደሩ ይዞ ይገባል። ስለዚህ አዲስ የተገዛች ዶሮ ሦስት ሳምንት ያህል ከሌሎቹ ተለይታ፣ ጥሬዋንም ለብቻዋ እየለቀመች መቆየት ይኖርባታል።