አንድ ቃል በብዙ ማሳ

ከመርሳ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሀብሩ ወረዳን ሳይለቅ ሲሪንቃን ያገኛል። እዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከሚደክምባቸው ሰብሎች አንዱ ማሽላ ነው፤ ማሽላ ሲነሳ ደግሞ ጥገኛዋ አረም አቀንጭራ መነሳቷ አይቀርም። ሐምራዊ አበባዋ ለዓይን ያምራል፤ ገበሬው አበባዋን ባየ ጊዜ ግን ጉዳቱ ደርሷል። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ትበትናለች። ዘሩ ከአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ይበቅላል፤ ከሥሩ ላይ ተጣብቆም ውኃውንና ምግቡን ይጠባል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎችን በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። አቀንጭራን ከሚቋቋሙባቸው መንገዶች አንዱ ያንን ቀስቃሽ ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ ማመንጨት ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ታትሞ ለሁለት ሰዎች ደረሰ እንበል። አንዱ በወልድያ ከተማ ያደገ፣ ጽሑፍ እንደ ውኃ የሚወርድለት ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ የማያነብ ተማሪ ነው። ሌላው በጊራና ማሽላ የሚዘራ፣ ፊደል ዘግይቶ የቆጠረና እየተንተባተበ የሚያነብ ገበሬ። የትኛው ይበልጥ ይረዳዋል?

ለዚህ የሚቀርብ ጥያቄ በአሜሪካ ተፈትኗል። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት 64 ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ታሪክ አንብበው በትንሽ የሜዳ ሞዴል ላይ ጨዋታውን እንዲያሳዩ፣ ያነበቡትንም በቃላቸው እንዲተርኩ ተደረገ። በንባብ ፈተና ደካማ የሆኑት፣ ጨዋታውን ግን የሚያውቁት ልጆች፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። ፊደል መለየት አንዴ ከተለመደ ተለመደ ነው፤ መረዳት ግን ጉዳዩ በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ ይፈተናል። ስለዚህ ልብ ወለድ ብቻ የሚያነብ ሰው የውል ወረቀት ሲቀርብለት ቢደናገር፣ ሕግ ብቻ የሚያነብም የመድኃኒት መግለጫ ቢያምታታው ሊገርም አይገባም።

የቃላት ነገር ከዚህ ይበልጥ ይመስጣል። «ዘር» የሚለው ቃል በአቀንጭራው ወረቀት ላይ ገበሬውን የሚያስርብ ደቃቅ ፍሬ ነው። በወንጌሉ የዘሪው ምሳሌ የሚሰበክ ቃል ይሆናል። በየጁ መሳፍንት ታሪክ ደግሞ የራስ አሊ የትውልድ ሐረግ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ «ሳቢ ዘር» ሲባል ከግሥ የሚወጣ ስም መሆኑን ይማራል፤ ጋዜጣ የሚገልጥ ደግሞ «የዘር ጥላቻ» የሚለውን ያነባል። እነዚህን ሁሉ ያየ ሰውና አንዱን ብቻ ሺህ ጊዜ የደጋገመ ሰው «ዘር»ን በእኩል አያውቁትም።

ይህን ቁጥርም ይደግፈዋል። ጄምስ አደልማንና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ሰው አንድን ቃል የሚለይበትን ፍጥነት በተሻለ የሚተነብየው ቃሉ ስንት ጊዜ መደጋገሙ ሳይሆን በስንት የተለያዩ ጽሑፎች ውስጥ መገኘቱ ነው። ዶናልድ ሄይስና ማርጋሬት አረንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 በእንግሊዝኛ በ1,000 ቃላት መካከል ስንት ብርቅ ቃል እንደሚገኝ ቆጥረዋል። በኮሌጅ ምሩቃን ወግ 17.3፣ በልጆች መጻሕፍት 30.9፣ በጋዜጣ 68.3፣ በሳይንሳዊ ጽሑፎች አጭር ማጠቃለያ 128 ሆኖ ተገኘ። ለልጅ የተጻፈ መጽሐፍ የተማሩ ሰዎች ከሚያወሩት ወግ በብርቅ ቃል ይበልጣል ማለት ነው! በሥዕል የሚተረክ ታሪክ (ኮሚክ) እንኳ 53.5 ይዞ ተገኝቷል፤ ልጁ እሱን ሲያነብ «ጊዜህን አታባክን» ብሎ መቆጣት ተገቢ አይደለም።

ወሎ ብዙ ዓይነት ጽሑፍ ለማንበብ ባዳ አይደለም። በየጁ ያለው የዳና መንደር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበር። የእንዲህ ያለው ትምህርት ደረሳ ከቁርኣን ተነስቶ ወደ ፊቅህና ወደ ነህው፣ ማለትም ወደ እስልምና ሕግና ወደ ዐረብኛ ሰዋስው ይሻገራል፤ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማም ያነባል። የቆሎ ተማሪውም ግዕዝ፣ ውርድና ቁም ንባቡን ጨርሶ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ ለዜማ አንድ የኔታ፣ ለቅኔ ሌላ የኔታ ፍለጋ አገር ያቋርጣል። አንዱ በመድረሳ ሌላው በቤተ ክርስቲያን ይማር እንጂ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጽሑፍ አይቆሙም።

ዛሬ ችግሩ የመጽሐፍ እጥረት ነው። በ2014 ዓ.ም. መባቻ የሰሜኑ ጦርነት በወልድያ ሲያልፍ ዩኒቨርሲቲው ሳይቀር ተዘርፏል፤ ብዙ ቤት ውስጥም የተረፈው ወረቀት ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ግን ዓይነቱ ብዙ ነው፦ የጸሎት መጽሐፍ፣ የታናሽ ወንድም የተረት መጽሐፍ፣ ከመድኃኒት ካርቶን የወጣ ብጣሽ መግለጫ፣ የማዳበሪያ ከረጢት። መርሳ አካባቢ የምትኖር ልጅ ለአባቷ ከከረጢቱ ላይ «ኤንፒኤስ» ብላ ታነብለታለች። አባቷ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃታል፤ እሷም በማግስቱ መምህሯን ትጠይቃለች፦ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ሰልፈር። የኬሚስትሪ መምህሩ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ በሰሌዳው ላይ በሚሰቅልበት ቀን ሦስቱን ከአባቷ ማሳ ታውቃቸዋለች።